ያልተነካው ሳህን

አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ስሙ ዘርጋው ነው። ሀብቱ ከዱቄት የመጣ ነው፤ ሦስት የዱቄት ፋብሪካ አለው። ሀብታም ከመሆኑ በፊት ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጆንያ ይሸከማል። ሥራ ጨርሶ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው።

በዚያ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ያልተነሣው ለሥዕሉ ተብሎ ነው። ሥዕሉ ፈረንሳይ አገር ያለ ምግብ ቤት ነው አሉ፤ ከሥሩ እንዲያ ይላል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ የተወለወለ ብርጭቆ፣ ከመስኮቱ ውጭ ጉም። ሰው የለበትም።

ዘርጋው ትርንጎን ሲያገባ የሚደግስበት አቅም አልነበረውም። ሠርጉ እዚያው ወፍጮ ቤት ሆነ። የተገኙት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የወፍጮው ባለቤት ጋሽ ድንቁ ናቸው፤ ለዚያ ቀን ወፍጮውን አቆሙለት። ጋሽ ድንቁ ጨው ይወዳሉ። ምግቡን ገና ሳይቀምሱት በወረቀት የጠቀለሉትን የአሞሌ ጨው ስባሪ ከኪሳቸው አውጥተው ይነሰንሱበታል። ሁለተኛዋ ጎረቤቱ እማማ ስንዱ ናቸው። የሠርጉን ዳቦ የጋገሩት እሳቸው ናቸው። ጥርስ ስለሌላቸው የዳቦውን ልብ ብቻ ይበሉና ቅርፊቱን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀሩታል። ሦስተኛው ሚዜው ለገሠ ነው። እሱም ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ግራኝ ነው። የሁለቱ ምሳ ሁልጊዜ አንድ ዳቦ ነበር። ለገሠ እኩል ለእኩል ይገምሰዋል። ግን ዘርጋው ሳይጎርስ እሱ አይጎርስም። ድርሻውን በግራ እጁ ይዞ ይጠብቃል። «አንተ ጀምር» ይላል። ለምን ቢሉት ይስቃል እንጂ አይመልስም።

የሠርጉ ዕለት አምስት ሆነው በሉ። ዘርጋው ደስ ብሎት ተነሣና ወደ ካላንደሩ ጠቆመ።

«ሰማችሁ? ሀብታም ስሆን ይህን ቀን የማከብረው እዚያ ነው። አምስታችንም! ወንበሩም አምስት ነው፣ ቁጠሩት።»

«ጨው አላቸው?» አሉ ጋሽ ድንቁ።

«እኔ ዳቦአቸው ለስላሳ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ እማማ ስንዱ። «ካልሆነ እዚሁ ተዉኝ።»

ለገሠ ሣቀ። «ቃል ነው?» አለ።

«ቃል ነው። ያለ እናንተ እዚያ አልቀመጥም።»

በማግስቱ ወፍጮው ተነሣ። ጫጫታው ሁሉን ዋጠው።

ሠላሳ ዓመት ሄደ። ዘርጋው ትልቅ ከተማ ገባ፤ ቀናው። መጀመሪያ ሰሞን «አንድ ቀን መጥቼ እወስዳችኋለሁ» የሚል መልእክት ይልክ ነበር። ከዚያ መልእክቱም ቀረ። ጋሽ ድንቁ ማረፋቸውን ሰማ፤ አዲስ ማሽን የሚተከልበት ሳምንት ስለነበር አልሄደም። እማማ ስንዱም አረፉ፤ ያን ቀን እንግዶች ጠርቶ ነበር፤ አልሄደም። የለገሠን ወሬ የሚያመጣለት ሰው አልነበረም። እሱም አልጠየቀም።

ሠላሳኛው ዓመት ሲደርስ ለትርንጎ «የሠርጋችንን ቀን ፈረንሳይ ሄደን እናክብር» አላት።

ትርንጎ ልብሷን እያጠፈች ነበር። ቆይታ «ለስንት ሰው ነው ያስያዝከው?» አለችው።

«ለሁለት ነዋ። ለስንት ላስይዝ ኖሯል?»

ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።

ያስያዘው ምግብ ቤት ከከተማ ወጣ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። የደረሱት ረቡዕ ቀትር ላይ ነበር። ቀትር ይሁን እንጂ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም። ደጃፉ ላይ ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ አስተናጋጅ ቆሟል። ስማቸውን አልጠየቀም። እጅ ነሥቶ አስገባቸው።

ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ ጠረጴዛ ብቻ። ነጭ ጨርቅ። አምስት ወንበር። ከመስኮቱ ውጭ ጉም።

ዘርጋው በቆመበት ቀረ። ክፍሉን ያውቀዋል። የት እንዳየው ግን አልመጣለትም። ትርንጎ ክንዱን ያዘችው።

«ካላንደሩ» አለች በሹክሹክታ።

ዘርጋው ጉሮሮውን ጠረገ። «ተሳስታችኋል» አለ ለአስተናጋጁ። «እኛ ሁለት ነን።»

«የተያዘው ለአምስት ነው ጌታዬ።»

«ማን ነው ያስያዘው?»

«እርስዎ ነዎት። በሠርግዎ ቀን።»

ዘርጋው ፈረንሳይኛ አያውቅም። አስተናጋጁ በምን ቋንቋ እንደተናገረ ያን ጊዜ ልብ አላለም። በኋላ ባልና ሚስቱ ቢያስቡ ቢያስቡ ሁለቱም ሊያስታውሱት አልቻሉም።

ተቀመጡ። መጀመሪያ ዳቦ መጣ፤ ለአምስቱም ወንበር አምስት ትናንሽ ዳቦ። ዘርጋው «ለባዶ ወንበር ምግብ ያቀርባሉ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» እያለ ያጉረመርማል። ቀና ሲል የትርንጎ ፊት ተለዋውጧል። በስተቀኝ ባለው ባዶ ወንበር ፊት ያለው ዳቦ ልቡ ወጥቷል። የቀረው ቅርፊቱ ነው፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ አልነካሁም።»

ቀጥሎ ዓሣ መጣ፤ ሳህኑ ሁሉ በብር ክዳን ተሸፍኗል። አስተናጋጁ አንድ በአንድ ከፈተ። ሁለተኛው ባዶ ወንበር ፊት ባለው ዓሣ ላይ አንድ ነገር ከላይ ረገፈ። ግራጫ ነው፣ ሻካራ ነው። የአሞሌ ጨው። ከዚያ ዓሣው ከጫፉ እያነሰ ሄደ። የሹካ ድምፅ የለም፣ የማኘክ ድምፅ የለም። ሳህኑ ብቻ እየነጣ መጣ።

ዘርጋው ላብ በላብ ሆነ። ከመጣ ጀምሮ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ትርንጎም እንደዚያው።

«ጋሽ ድንቁ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ የተቀመጡት እማማ ስንዱ ናቸው።»

«እነሱ እኮ ሞተዋል!»

«እኔስ መች አልሞቱም አልኩህ?»

ሁለቱም ወደ ሦስተኛው ባዶ ወንበር ዞሩ። እዚያ ያለው ዳቦ ለሁለት ተገምሷል፤ እኩል ለእኩል። ግን አልተበላም። ዓሣውም አልተነካም። የሁሉም ማንኪያ ከሳህኑ በስተቀኝ ነው፤ የዚያ ግን በስተግራ ነው።

ሦስተኛው ምግብ በወይን ጠጅ የተቀቀለ ሥጋ ነበር። መረቁ ይጨሳል። አስተናጋጁ ከዘርጋው ጀርባ ቆመ።

«ይብሉ እንጂ ጌታዬ። የገበታው ባለቤት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሲበሉ ቃልዎ ይፈጸማል። እንግዶችዎ ሁሉ በልተው ይነሣሉ፤ እርስዎም ከዛሬ በኋላ ነጻ ነዎት።»

ነጻ የምትለዋን ቃል ዘርጋው ወደዳት። ማንኪያውን አነሣ።

ከሦስተኛው ሳህን በስተግራ ያለው ማንኪያም ተነሣ።

ዘርጋው ማንኪያውን ዝቅ አደረገ። ያም ዝቅ አለ። እንደገና አነሣ። ያም ተነሣ። መረቁን ቀድቶ ወደ አፉ አስጠጋ። ያም ቀዳ፤ ሰው ቢቀመጥ አፉ የሚሆንበት ቦታ ድረስ ሄዶ አየር ላይ ቆመ። ይጠብቃል።

«አትብላ!» ትርንጎ እጁን ለቀም አደረገችው። «ለገሠ ነው። አንተ ሳትጎርስ አይጎርስም፣ ረሳኸው? ሁለቱ የበሉት ሙታን ስለሆኑ ነው። እሱ አልበላም። ለገሠ አልሞተም ዘርጋው!»

«ብበላስ?»

«ከበላህ ይበላል። ከበላ ከእነሱ ጋር ይነሣል።»

ዘርጋው ወደ አስተናጋጁ ዞረ፤ እውነት ነው ወይ ለማለት። አስተናጋጁ አልካደም። «መረቁ እየቀዘቀዘ ነው» አለ ብቻ።

አንዲት ጉርሻ ናት። ጎርሶ ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። ከባሕር ማዶ አንድ የቀድሞ ጆንያ ተሸካሚ ታሞ ሞተ ይባላል፤ ያልቃል። ዘርጋው ማንኪያውን ይዞ ብዙ ቆየ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ከማዶ ያለው ማንኪያም ተንቀጠቀጠ። የዘርጋውን ልብ የሰበረው ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀው ሰው አሁንም «አንተ ጀምር» እያለው ነው።

ማንኪያውን ጨርቁ ላይ ደፋው።

«እዚህ አልበላም። ቤቱ ሄጄ ከእሱ ጋር እበላለሁ።»

«እዚያ እንዲህ ያለ ምግብ የለም» አለ አስተናጋጁ።

«አውቃለሁ። እኛ ለሁለት አንድ ዳቦ ይበቃናል።»

ተነሣ። ወደ ሁለቱ ወንበሮች ዞሮ ጎንበስ አለ። «ጋሽ ድንቁ፣ እማማ ስንዱ፣ አልቀበርኳችሁም። ይቅር በሉኝ።»  ሁለቱ ወንበሮች፣ ሰው ከገበታ ሲነሣ እንደሚሆነው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

አስተናጋጁ የሁለቱን ሙታን ሳህን አነሣ። የሦስተኛውን አላነሣም። የብር ክዳኑን ደፋበትና «ይህ ይቆያል» አለ።

ዘርጋው ከዚያ ቤት ከወጣ በኋላም እህል አልቀመሰም። አውሮፕላን ላይ ምግብ ሲያቀርቡለት ፊቱን አዞረ። ከውኃ በቀር ምንም አልወሰደም። ያቺ ማንኪያ አየር ላይ እንደቆመች ትታየዋለች።

ቅዳሜ ዕለት የድሮዋ ከተማ ደረሱ። ወፍጮው ተዘግቷል፤ ድንጋዩን ያዞር የነበረው ቺንጋ በስብሶ ተንጠልጥሏል። ለገሠ ከወፍጮው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተኝቷል። የምታስታምመው ጎረቤት በር ላይ ተቀበለቻቸው።

«ወር ሙሉ ታሞ እንኳ ትንሽ ትንሽ ይቀምስ ነበር» አለች። «ረቡዕ ቀትር ላይ ድንገት አፉን ገጠመ። ብንለው ብንለው እምቢ አለ። ‹ይጀምር› ይላል። ማን ይጀምር? አይናገርም።»

ዘርጋው ገብቶ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ለገሠ ዓይኑን ገለጠ።

«ቆየህ» አለ።

«ቆየሁ።»

«ጋሽ ድንቁና እማማ ስንዱ ጠሩኝ። ነጭ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ‹ብላ እንጂ› ይሉኛል። እኔም ርቦኛል፤ እንዴት እንደራበኝ! አንተ ግን ማንኪያህን ታነሣለህ፣ ታወርዳለህ፣ ታነሣለህ፣ ታወርዳለህ። ይሄ ሰውዬ ሀብታም ሲሆን አበላል ጠፋበት እንዴ አልኩ።»

ትርንጎ እያለቀሰች ሣቀች። ወጥታ ከሱቅ አንድ ዳቦ ገዝታ መጣች። ዘርጋው ሊገምሰው ሞከረ፤ አልሆንለት አለ።

«ወዲህ በል፣ አንተ ድሮም አትችልበትም» አለ ለገሠ። ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። ከሁለት እኩል ገመሰው። አንዱን ለዘርጋው ሰጠ። የራሱን በግራ እጁ ያዘና ጠበቀ።

«አንተ ጀምር።»

ዘርጋው ጎረሰ። ለገሠም ጎረሰ። ሁለቱም አኘኩ።

«ፈረንሳይ ማለት ይሄ ነው?» አለ ለገሠ።

«ይሄ ነው።»

«ዳቦው ደረቅ ነው። እማማ ስንዱ ቅርፊቱን የተዉት ወደው አይደለም።»

ከአልጋው በላይ የድሮው ካላንደር ተሰቅሏል። ወፍጮው ሲዘጋ ለገሠ ነው ወደ ቤቱ ያመጣው። ዘርጋው ቀና ብሎ አየው። ከአምስቱ ወንበሮች ሁለቱ ወደ ኋላ ተስበዋል። ሦስቱ ከጠረጴዛው ተጠግተው እንዳሉ ናቸው። ሥዕሉ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ ብሎ ለገሠን ሊጠይቀው ፈለገ፤ ፈራና ተወው።

ለገሠ ተሻለው። ሁለት ክረምት ኖረ። ዘርጋውም እየተመላለሰ አብሮት በላ። ለገሠ ሲሞት ዘርጋው ከአልጋው አጠገብ ነበር፤ ቀበረውም።

ወገኖቼ፣ «አንድ ቀን እጋብዝሃለሁ» ማለት ቀላል ነው። ሁላችንም ብለናል። እኛ እንረሳዋለን፤ ቃሉ ግን አይረሳም። ሄዶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ላለፉት ሰዎች ከይቅርታ በቀር የምናቀርበው የለንም። በሕይወት ያለው ግን ድርሻውን በእጁ ይዞ እኛ እስክንጀምር ይጠብቃል። ስለዚህ ነጭ ጨርቅና የብር ክዳን እስክታገኙ አትቆዩ። ለሁለት የሚገመስ ዳቦ ካላችሁ ሂዱ።

እስቲ አሁን ወንበሮቻችሁን ቁጠሩ። ሳህኑ እስካሁን ያልተነካው የማን ነው?