ፈሪው ፍየልና ጭቃ የለበሰችው እንግዳ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ድሮ፣ እንስሳት ደጅ ለደጅ ተጎራብተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋኝ አገር፣ ወንዝ ዳር ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛዋ እመት በግ ናት፤ ቤቷ ሰፊ፣ ጎተራዋ ሙሉ። ሌላው ሽማግሌው አያ ፍየል ነው፤ ጎጆው ጠባብ፣ እሱም ፈሪ። ቅጠል ስትወድቅ እንኳ «ማነህ?» ይላል።

በዚያ ክረምት «አያ ጅቦ ሌላ መስሎ በየቤቱ ይገባል» የሚል ወሬ ተነዛ። አገሩ ሁሉ በሩን ጠርቅሞ መዋል ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያወርደው፣ አንዲት አህያ የታመመ ውርንጭላዋን ይዛ ወንዙ ዳር ደረሰች። ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገር የለም። ውርንጭላው ይንቀጠቀጣል፤ እዚያው ዝናብ ላይ ከቆየ አይተርፍም። አህያዋ እመት በግ ደጅ ሄዳ ተጣራች።

«የቤት ጌቶች! ወንዝ የሞላብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ ልጄን አስጠልሉልኝ!»

እመት በግ በቀዳዳ አየቻት። «ምንድን ነሽ?»

«አህያ ነኝ፣ እመቴ።»

«አህያ ነኝ ያለ ሁሉ አህያ ነው? እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

አህያዋ እግሯን አነሳች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ዝናቡ አያጥበውም ወይ እንዳትሉኝ፤ ዝናቡ አንድ ሲያጥብ መንገዱ ሁለት ይጨምራል።

«ይሄ ሰኮና ነው ወይስ መዳፍ?»

«ጭቃው ነው እኮ፣ እመቴ። ትንሽ ውሃ ቢሰጡኝ...»

«ጭቃ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል! ሂጂ፣ እግዜር ይስጥሽ!» በሩን ጠረቀመችው።

አህያዋ ወደ አያ ፍየል ጎጆ አዘገመች። «የቤት ጌቶች! ወንዝ የሞላብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ ልጄን አስጠልሉልኝ!»

አያ ፍየል ዱላውን ይዞ በሩን ገርበብ አደረገ። «ምንድን ነሽ?»

«አህያ ነኝ፣ አባቴ።»

«እግርሽን አሳዪኝ።» አሳየችው። «ይሄ ሰኮና ነው ወይስ መዳፍ?»

አህያዋ ውርንጭላዋን ወደ ፊት ገፋ አደረገች። አያ ፍየል በሩን መለስ ማድረግ ሲጀምር ውርንጭላው ሳለ፤ ደረቅ፣ ረጅም ሳል።

«እኔ አላምንሽም» አለ ሽማግሌው። «ግን አባታችን አብርሃም እንግዶቹን አገራችሁ የት ነው አላለም፤ መጀመሪያ ለእግራቸው ውሃ ነው ያስመጣው። ነይ፣ ደፉ ላይ ቁሚ። ንቅንቅ ካልሽ ግን በዱላ ነው የምልሽ!»

«እሺ፣ አባቴ።»

በግራ እጁ ዱላውን እንደጨበጠ፣ በቀኝ እጁ ያጥባት ጀመር። ጭቃው ሲለቅ ክብ፣ ጥቁር ሰኮና ብቅ አለ። ሌላውም ሰኮና። የውርንጭላውም ትንንሽ ሰኮና።

«አህያ!» አለና ዱላውን ጣለ። «ግቢ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል!» እሳት አነደደላቸው።

ለካስ አያ ጅቦ ከእመት በግ ቤት ጀርባ ተደብቆ ሁሉን ሰምቶ ኖሯል። «አሃ! ይቺ ሴትዮ የምትጠረጥረው ጭቃ ብቻ ነው» አለ። እግሩን ታጠበ፤ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለ፤ ነጭ ነጠላ ተከናነበ፤ ድምፁንም አቀጠነ።

«የቤት ጌቶች! ወንዝ የሞላብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ!»

«ምንድን ነህ?»

«በግ ነኝ፣ እህቴ፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ።»

«እግርህን አሳየኝ።» አሳያት።

«እሰይ! እንግዳ ማለት እንዲህ ነው! ጭቃ እንኳ አልነካውም። ግባ ወንድሜ!»

በዚያ ሁሉ ጭቃ ላይ ነጭ ሆኖ የመጣ ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም። አስገብታው፣ በሩን ቀርቅራ፣ «ነጠላህን አምጣ፣ ላስጣልህ» ብላ ስትገፈው፣ ከሥሩ የወጣው የአያ ጅቦ ጆሮ! የላቷን ጫፍ አፉ ውስጥ ትታለት በጓሮ በር ፈረጠጠች።

«አያ ፍየል! የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ! አያ ጅቦ መጣብኝ!»

አያ ፍየል ከድንጋጤ ብዛት ደርቆ ቀረ። አህያዋ ግን «ምንድን ነሽ?» አላለችም። በሩን ከፈተች፣ በጓን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች፣ ዞር ብላ አያ ጅቦን በሁለት የኋላ እግሮቿ ግንባሩን ስትለው ከነነጭ ጨርቁ ወንዙ ውስጥ ተዘረገፈ። ወንዙም እያንከባለለ ወሰደው።

እመት በግ ደፉ ላይ ወደቀች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። አህያዋ ውሃ ይዛ መጣች።

«እኔ እኮ...» አለች እመት በግ አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ እኮ በር የዘጋሁብሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እግርሽን ዘርጊ።»

እኔ እንደሰማሁት አወራኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ይህን ይዛችሁ ሂዱ፦ እግር ያጠበ ወዳጅ ያፈራል፤ ደጅ የነሳ ከጅብ ያድራል።