ኤሊዋ ዝም ስትል

አንዲት የካርቱን ሠዓሊ ነበረች፤ አስካለች ትባላለች። የልጆች ተከታታይ ፊልም ሠርታ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ለመሸጥ ቆርጣ ተነስታለች። ሁለት ጊዜ አቅርባ ሁለቴም "ልጆችን አይስብም" ተብላ ተመልሳለች። የጣቢያው ኃላፊ "ከእንግዲህ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለሽ" አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን እርሳሱን ወርውሮ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር፤ እሷን ግን ጭራሽ እልህ ያዛት።

አዲሱ ፊልሟ ውስጥ አንዲት ኤሊ "እንቆቅልሽ!" ትላለች። ጥንቸሉ ቀበል አድርጎ "ምን አውቅልሽ!" ይላል፤ ይሳሳታል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። ሙዚቃውም ፋታ አይሰጥም። አስካለች ጥንቸሉን እንደ ልጇ ነበር የምትወደው።

ለሙከራ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ አሳየቻቸው። አንዳቸውም አልሳቁም፤ ፈዘው ያያሉ። ልክ ኤሊዋ "እንቆቅልሽ!" እንዳለች መብራት ሄደ። ይሄኔ ልጆቹ ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አንገታቸውን አስግገው በአንድ ድምፅ "ምን አውቅልሽ!" ብለው ጮኹ።

አስካለች ክው አለች። "ለካ ተራቸውን የቀማኋቸው እኔ ነኝ!"

መብራት እንደመጣ ጥንቸሉን ከነሙዚቃው ከፊልሙ እየቆረጠች ማውጣት ጀመረች። ድምፅ የሚሠራላት ባልደረባዋ ጌጡ ራሱን ያዘ።

"አስኩ፣ አበድሽ እንዴ? ኤሊዋ ዝም ብላ ስታፈጥባቸው የጣቢያው ሰዎች ፊልሙ ተበላሸ ብለው ያባርሩናል!"

"ያባርሩና! ልጅ የማይመልሰው እንቆቅልሽ ምኑን እንቆቅልሽ ሆነ?"

ይህን ስትል ዕንባዋ መጥቶ ነበር፤ እጇን ግን አልመለሰችም።

ቀኑ ደረሰ። ኃላፊው ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ኤሊዋ "እንቆቅልሽ!" አለችና ዝም ብላ አየቻቸው። ጌጡን ላብ አጠመቀው፤ አስካለች ንቅንቅ አላለችም። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግራ ቀኝ ቃኙ፣ ከዚያ ሳያስቡት "ምን አውቅልሽ!" አሉ።

"ቀን ቆማ ትውላለች፣ ማታ ተዘርግታ ታድራለች።"

ኃላፊው ቢያስቡ ቢያሰላስሉ ጠፋቸው።

"እንግዲያው አገር ስጡኝ!" አለች ኤሊዋ፤ ደግሞ ዝም።

"ደብረ ታቦርን ውሰጂ!" አሉ ኃላፊው የተወለዱባትን ከተማ ጠርተው፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

"ሰሌን ናት!" አለች ኤሊዋ። ኃላፊው ግንባራቸውን መትተው እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ወደ አስካለች ዞረው "መቼ ትጀምሪያለሽ?" አሏት።

ወዳጆቼ፣ ጥሩ የሠራን እየመሰለን የሌላውን ተራ የምንቀማ ብዙዎች ነን። ጠይቀን እኛው እንመልሳለን፤ ከዚያ "ልጁ ዝምተኛ ሆነብኝ" እያልን እናማርራለን። ሰው ነገር ከልቡ የሚገባው የሚናገርበት ቦታ ሲተውለት ነው፤ ያንን ቦታ ለማግኘት ደግሞ አንዳንዴ በጣም የምንወደውን ቆርጠን ማውጣት ይኖርብናል። እናንተስ፣ ቤታችሁ ውስጥ ማንን ጠይቃችሁ መልሱን ሳትጠብቁ ቀራችሁ?