ደህና ነኝ ብላ የተመዘገበችው ልጅ

አንድ የአእምሮ ሐኪም ነበር አሉ፣ ይርዳው የሚባል። ሐኪም ብቻም አይደለም፣ ተመራማሪ ነው። ሐዘን ከጭንቅላት ውስጥ ከየት እንደሚመነጭ፣ ፍርሃት እንቅልፍን እንዴት እንደሚያባርር ሲመረምር ጠጉሩ ሸበተ። የደረሰበትን ይጽፋል፤ የጻፈው ባሕር ማዶ ሳይቀር ይታተማል። ዘጠና አንድ ጽሑፍ ነበረው፣ ልብ በሉልኝ፣ ዘጠና አንድ! እኔ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ሰው ለምኜ ነው የማስጽፈው።

ከሁሉም የገነነለት አንዱ ነበር። ድባቴ የሚሉት ሕመም የያዛቸው ሰዎች መድኃኒቱን በስድስተኛው ወር ቢያቆሙም ሕመሙ አይመለስባቸውም የሚል። ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ እየጠቀሱ ጻፉ፤ ክሊኒኮችም ይህንኑ ይዘው ሕመምተኛ አሰናበቱ። ይርዳው ፕሮፌሰር ይሁን ተብሎ ስሙ የቀረበውም በዚሁ ጽሑፍ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ልጇን ወለላን ደግፋ ቢሮው ገባች።

«ዶክተር፣ ድናለች ተብላ መድኃኒቷን ካቆመች ይኸው አራት ዓመቷ። አትበላ፣ አትተኛ። ክሊኒክ ስወስዳት ‘በጥናት ተረጋግጧል፣ ድናለች’ ብለው ይመልሱኛል። ጥናቱ የእርስዎ ነው አሉኝ፤ እስቲ እርስዎው ይዩዋት።»

ይርዳው መዝገቡን አገላበጠ። ወለላ ለጥናቱ ከተጠየቁት ሰዎች አንዷ ነበረች። በየወሩ «እንዴት ሰነበትሽ?» ተብላለች፤ በየወሩ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላለች፤ ጠያቂውም «ደህና» ብሎ ሞልቶ ወደሚቀጥለው አልፏል። ይርዳው ግራ ገባው። ወረቀቱን ያያል፣ ልጅቱን ያያል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ድናለች፤ ወንበሩ ላይ ያለችው ከስታ ልብሷ ሰፍቷታል። ታዲያ የትኛዋ ናት ወለላ?

«እንዴት ነሽ፣ ወለላ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይኸው! ራሷ ደህና ነኝ አለች እኮ» አለ ወደ እናትየው ዞሮ።

ትርንጎ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። «ውይ ዶክተር! የየት አገር ሰው ነዎት? ሰው ገና ከመቀመጡ እንዴት ነህ ሲሉት ሌላ ምን ይበል? እርስዎስ እናትዎን የቀበሩ ዕለት፣ እንዴት ዋሉ ሲባሉ ምን አሉ?»

ይርዳው ያ ዕለት ትዝ አለው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር ያለው።

ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ፣ ወንበር ስቦ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ሠፈሯ ጠየቃት፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጓደኞቿ። ውጭ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ እሱ ግን አልተነሣም። ብዙ ቆይታ ወለላ እንዳቀረቀረች «መንጋቱን እጠላዋለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መድኃኒቱን ካቆምኩ ወዲህ። ሰዎችዎ ሲጠይቁኝም እንዲሁ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው ያኔ አልተናገርሽ?»

«ማን ቁጭ አለና?»

መድኃኒቷን መልሶ ጻፈላት፣ በየሳምንቱ እንድትመጣም ቀጠራት። እነሱ ሲወጡ ግን ራሱ ዞረበት። አብረዋት የተጠየቁት ሁለት መቶ ሰዎችስ? ስንቱ ድኗል፣ ስንቱ ደህና ነኝ ብሎ ብቻ ሄዷል? የቀሩት ዘጠና ጽሑፎችስ? አውቀዋለሁ ያለው ሁሉ እንደ ውኃ ከእጁ ሾለከ።

«ተው፣ ሹመቱ እስኪጸድቅ ዝም በል» አለው ባልደረባው። «አንዲት ልጅ እኮ ናት።»

«አንዲት መሆኗን በምን አወቅህ?»

ለአሳታሚዎቹ «ተሳስቻለሁ፣ ጽሑፌን አንሡልኝ» ብሎ ጻፈ። ለክሊኒኮቹም ያሰናበቷቸውን እንዲጠሩ ላከባቸው። ፕሮፌሰርነቱ ቀረ። አሁን በየቤቱ እየሄደ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ በእውነት ድኗል፤ አንዳንዱ አልዳነም፤ አንዳንዱ ራሱም አያውቀውም። ይርዳው ከሄደበት የባሰ ግራ ገብቶት ይመለሳል አሉ፤ በማግስቱም ይሄዳል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ግራ መጋባት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው ሰውን ቆሞ ጠይቆ፣ አውቄዋለሁ ብሎ መሄድ ነው። እስቲ ዛሬ «ደህና ነኝ» ያላችሁን ሰው አስቡት። ቁጭ ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቃችሁታል?