የፊታውራሪ ወንድይራድ የዝምታ ፈተና

ፊታውራሪ ወንድይራድ ቁጣቸው ከጥያቄያቸው የሚቀድም ገዢ ነበሩ። መጀመሪያ ያስገርፋሉ፣ ጥፋቱን ኋላ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን «ገበያ ላይ ሎሌዎን ሰደበች» ተብላ አንዲት ሸክላ ሠሪ ተይዛ ቀረበች።

«እንስራዬን ሰብሮብኝ ነው ጌታዬ» አለች።

«ቢሰብርስ! ድሃ ራሱን መግዛት አለበት» አሉ ፊታውራሪ። «አሁን እኔ እሰድብሻለሁ። ዝም ካልሽ ትለቀቂያለሽ፤ አንዲት ቃል ከተነፈስሽ ግን አርባ ጅራፍ ትቀምሻለሽ።»

በሸንጎው ፊት እሷን ሰደቡ፣ አባቷን ሰደቡ፣ እስከ ሰባት ቤቷ ወረዱ። ሴትዮዋ እጇን አጣምራ ጸጥ አለች። ዝምታዋ ይብስ አናደዳቸው፤ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡና ጅራፉን ከገራፊው እጅ ነጥቀው፣ «አንቺ ድንጋይ! ተናገሪ እንጂ! ንቀሽኝ ነው?» ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ እጅ ነሥታ፣ «እሺ፣ ካዘዙኝ ልናገር» አለች። «ፈተናውን ያወጡት እርስዎ፣ የወደቁትም እርስዎ። ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ አገር ሲገዙ ራስዎን ዘለውት ኖሯል፤ እባክዎ እሱንም ጨምረው ይግዙት።»

ሸንጎው አፉን በኩታው ሸፍኖ ሳቀ። ፊታውራሪ ጅራፉን አንሥተው ነበር፤ ቢገርፏት ቃሏን እውነት ማድረግ መሆኑ ገባቸውና ቀስ ብለው አወረዱት።