ማኅተሙ ያረፈበት ጉንጭ

አንድ ሰው ነበር። የሚኖረው ደሴ ነው፤ ከእናቱ ጋር፣ እናቱ ቤት። አርባ ሊሞላው ነው፣ አላገባም፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሱማ ክፉ ስለሆነ ነው» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ ነው።

ይህ ሰው ፎቶ ማንሳት ይወዳል። የሚያነሳው ደግሞ ሰማይ ነው። የደሴን በልግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ቀትር ላይ በረዶ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይቆይና ድንገት ይገለጣል። ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ ካሜራውን ይዞ ግቢው ውስጥ ይቆማል። ደመናውን ያነሳል። ዝናቡን ያነሳል። ዝናብ ሳያባራ ብቅ የምትለዋን ፀሐይ ያነሳል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና ከሥሩ «ተመስገን» ብሎ ይጽፋል። ሰው ሁሉ «አሜን» ይለዋል። «ማመስገንን አስተማርከን» የሚሉትም ብዙ ነበሩ።

ምስጋናው ውሸት ነበር? አልነበረም። ሰማዩን ሲያይ ልቡ በእውነት ይሞላ ነበር። ነገሩን መራራ ያደረገውም ይኸው ነው።

እናቱ ዘውድነሽ ትባላለች። በበልግ የእናቶች መከራ ምንድን ነው? ስጥ አይደለም? ፀሐይ ስትወጣ ያሰጣሉ፣ ሲያስገመግም ለማስገባት ይሮጣሉ፣ ሲያባራ መልሰው ያሰጣሉ። እናትየዋም እንደዚያው ናት። ልጁ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሷም ሰማይ ታያለች፤ እሷ የምታየው ግን ገብሱ እንዳይርስባት ነው።

አንድ የሚያዝያ ቀን በረዶው አባራና የማርያም መቀነት ከጦሳ በላይ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ሰውዬው ካሜራውን አንጠልጥሎ ወጣ። እናቱ ግቢው መሐል አጎንብሳ፣ በረዶው የቀደማትን ገብስ ከሰሌኑ ላይ ትሰበስባለች። የማን ገብስ ነው? ለእሱ በሶ የተዘጋጀ ነው።

«እማ፣ ከዚያ ዞር በይልኝ፤ ከለልሽኝ» አላት።

ዞር አለች። ሰሌኑን እየጎተተች ግድግዳው ጥግ ሄዳ ቆመች። እሱ አነሳ፣ ደጋግሞ አነሳ። ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «እኔንስ አንድ ቀን አታነሳኝም?» አለችው።

እንዲህ ሆና እንደማይሆን፣ ልብሷን መቀየር እንዳለባት ነገራት። ደስ ብሏት ገባች። ፊቷን ታጥባ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የሚያዝያ ሰማይ ግን እናት አይጠብቅም፤ ስትወጣ ጠቁሮ ነበር። «ብርሃኑ ሄዷል እማ፣ ሌላ ቀን» ብሏት ፎቶውን ሊለጥፍ ገባ። ያን ቀን ከሥሩ የጻፈውን ልንገራችሁ? «ለሰጠኸን ሁሉ ተመስገን» ነው ያለው። እሷ ነጠላዋን አጣጥፋ መልሳ ሰቀለችው።

ግንቦት ሳያልቅ ሳንባዋን ታመመች። ሆስፒታል ገባች፤ አልወጣችም።

ድንኳን ተተከለ። የዕድሩ ሰዎች ፎቶዋን እንዲያመጣ ጠየቁት። ዛሬ ያለ ፎቶ ለቅሶ አለ እንዴ? ሰውዬው ካሜራውን ከፈተ፣ ስልኩን ከፈተ፣ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ደመና። ደመና። ጦሳ። ደመና። በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ሰሌን የሚጎትት እጅ አገኘ። በሌላው የጎበጠ ጀርባ አገኘ። ፊት ግን የለም። ወገኖቼ፣ ከዚያ ሁሉ ምስጋና ውስጥ አንድ ፊት ጠፋ።

በመጨረሻ ከቦርሳዋ የቀበሌ መታወቂያዋን አውጥቶ ወደ ጓደኛው ወደ ፎቶ አንሺው እንድሪስ ሮጠ። የመታወቂያ ማኅተም የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ የሰውየው ፊት ላይ ነው። የእሷም ቀኝ ጉንጭ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ወይን ጠጅ ሆኗል።

«ማኅተሙን ላጠፋው እችላለሁ» አለው እንድሪስ። «ግን ከሥሩ ያለው አይታየኝም። ጠባሳ፣ ምልክት፣ የሆነ ነገር ነበራት?»

ሰውዬው አሰበ። ሻሿን አስታወሰ። ድምፅዋን አስታወሰ። ጉንጯ ግን አልመጣለትም። ልጇ ሆኖ አላውቅም ለማለት ደግሞ አፈረ።

«ምንም የለም፤ አጽዳው» አለ።

እንድሪስም አጸዳው። በማግስቱ ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ጉንጩ ለስላሳ ነው። ጎረቤቶቹ ሲያዩት ቅር ብሏቸው ይሆናል፤ ግን በለቅሶ ቀን ማን ይናገራል?

የእናቱ ታናሽ እህት ማንጠግቦሽ ከወረኢሉ ደረሰች። ደረቷን እየመታች፣ እህቷን በስሟ እየጠራች ገባች። ፎቶው ፊት ስትደርስ ደረቷን መምታት አቆመች። ቀረብ ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች።

«ማርያም የሳመቻትን ምን አደረግህባት?» አለችው።

«የቱን?» አላት።

የቱን። ድንኳኑ በሙሉ ሰማው። አክስቱ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ጣቷን በራሷ ቀኝ ጉንጭ ላይ ከጆሮዋ ሥር ወደ አገጯ አወረደችና፣ «እዚህ ጋ ነበር፤ ቀላ ያለ። ጡት ስትጠባ እሱን ሳትዳስስ እንቅልፍ አይወስድህም ነበር» አለችው።

ምእመናን፣ ይህ ሰው የማርያምን መቀነት ሰማይ ላይ ሲያሳድድ ማርያም የሳመችው ጉንጭ እፊቱ በሶ ያቀርብለት ነበር።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ አክስቱን ይዞ ወደ እንድሪስ ተመለሰ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ በጣቷ እያሳየች አሠራችው፤ ዝቅ አድርገው፣ ቀላ አድርገው፣ አሁን በዛ እያለች። ሲያልቅ እንድሪስ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አሁን መሰለችህ?» አለው። ሰውዬው ፎቶውን ተቀብሎ ወጣ። ፎቶው ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሚገባው ሁሉ «ቁርጥ እሷን» ይለዋል። እሱ ብቻ ነው መምሰል አለመምሰሏን የማያውቀው።

እናንተስ?

እናንተስ ታውቃላችሁ? እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑ። እናታችሁ ፊት ላይ ያለው ምልክት በየትኛው በኩል ነው? አባታችሁ ሲስቅ የሚታየው የጎደለ ጥርስ የቱ ነው? አንተ፣ ሚስትህ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን እንደመጣ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ወይስ እሷንም «ዞር በይልኝ» ብለሃታል?

ሰማይን አይታችሁ አታመስግኑ አላልኩም። አመስግኑ። ግን ከዐሥሩ ትእዛዛት ውስጥ ደመና አንሣ የሚል አላገኘሁም። እናትህን የሚል ግን አለ። ሰማይን ማመስገን ቀላል ነው፤ ሰማይ አይታመምም፣ አንሳኝ ብሎ አይለምንም፣ አያረጅም። ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ቀላሉን እናመሰግንና የከበደውን ለነገ እናቆየዋለን። ነገ ደግሞ የእኛ አይደለም። ይህን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማወቃችሁ ግን ምን ጠቀመ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ስልካችሁን አስቀምጡና ቁጭ ብላችሁ እዩዋቸው። «ምን ሆነህ ነው የምታፈጠው?» ይሏችኋል። ያፍራሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ መታየት አላስለመድናቸውማ። ቢሆንም እዩ።

ጊዜው ያለፈባችሁም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንገታችሁን ደፍታችኋል። እናንተን የማጽናናበት ቃል ዛሬ አልያዝኩም። ብቻ የቀረላችሁ ሰው ካለ፣ እሱንም ከመታወቂያ ላይ እንዳትፈልጉት።