ግማሽ ኢንች ብሎን

አድምጡኝ፤ አንድ ብሎን እንቢ አለ፣ ነገሩም ከዚያ ተነሣ።

አሰገደች ምጥ የያዛትን ልጇን ይመኙሻልን በአሮጌ የእንግሊዝ ጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል ትወስዳለች። ሆስፒታሉ ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድይ የለም፤ መኪና የሚሻገረው በውሃው መሀል ነው፤ በላይኛው አገር ሰማዩ ጠቁሯል። መኪናው ገበያው አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«የነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኗል» አለ ሾፌሩ ሽባባው። «አንዲት ብሎን ፈትቶ ማጽዳት ነው።»

አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አልገባለት አለ፤ አሥራ ሦስት ሰፋና ብሎኑን ሊልጠው ደረሰ።

«የዚህ ልኩ ግማሽ ኢንች ነው፣ እትዬ። የኔ ቁልፎች ሁሉ በሚሊ ናቸው።»

የሰው ልጅ በብሎን ልክ እንኳ አልተስማማም፤ በምን ሊስማማ ነው?

«ታዲያ የት ይገኛል?»

«በርበሬ ሻጯ ወርቅያንሻል ዘንድ አንድ አይቻለሁ።»

አሰገደች ሮጠች። ወርቅያንሻል የሚዛን ድንጋይዋ ከጠፋ ወዲህ ቁልፉን ከጠጠር ጋር በጨርቅ ቋጥራ ሩብ ኪሎ ብላዋለች፤ ገበያውም አምኖ ይገዛል።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ ቁልፉን ስጪኝ።»

«ሰጥቼዎት በምን ልመዝን፣ ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ? ጨው ሻጩ ሁለት ሩብ አለው። አንዱን ያምጡና ቁልፉን ይውሰዱ።»

ሩብ ከሌለ ቁልፍ የለ፤ ቁልፍ ከሌለ ብሎን አይፈታ፤ ብሎን ካልተፈታ መኪና አይሄድ፤ መኪና ካልሄደ ይመኙሻል ማዶ አትደርስ። የወንዙ ውሃ ቁርጭምጭሚት ደርሷል።

«እሰጥዎት ነበር» አለ ጨው ሻጩ ደምለው። «ግን ዱቄቴ ወፍጮ ቤት ነው፤ ነገ የአባቴ ተዝካር ነው። ዱቄቱ ቤት ካልደረሰ ሚስቴ እኔን ትፈጨኛለች። እሱን ያምጡልኝና ሩቡን ይውሰዱ።»

ዱቄት ከሌለ ሩብ የለ፤ ሩብ ከሌለ ቁልፍ የለ፤ ቁልፍ ከሌለ ብሎን አይፈታ፤ ብሎን ካልተፈታ መኪና አይሄድ፤ መኪና ካልሄደ ይመኙሻል ማዶ አትደርስ። ውሃው ጉልበት ደርሷል።

ባለወፍጮው አባ ድንበሩ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ።

«የምን ዱቄት? የሞተሩ ብሎን ላልቶ ቺንጋው ወልቋል። ማጥበቂያው አሥራ ሰባት ቁልፍ ነው፤ ከተማ ልኬያለሁ፣ ነገ ይመጣል።»

አሥራ ሰባት ከሌለ ቺንጋ አይዞር፤ ቺንጋ ካልዞረ ዱቄት የለ፤ ዱቄት ከሌለ ሩብ የለ፤ ሩብ ከሌለ ቁልፍ የለ፤ ቁልፍ ከሌለ ብሎን አይፈታ፤ ብሎን ካልተፈታ መኪና አይሄድ፤ መኪና ካልሄደ ይመኙሻል ማዶ አትደርስ። ውሃው ጭን ደርሷል።

አሰገደች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች።

«በኢንች ነው በሚሊ?»

«የቻይና ሞተር ምን ኢንች ያውቃል፣ አንቺ ሴት? በሚሊ ነው።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወደ መኪናው በረረች፤ ሽባባው ቁልፎቹን ከጠቀለለበት ጨርቅ ውስጥ አሥራ ሰባትን መዝዛ ተመለሰች።

አሥራ ሰባት ብሎኑን አጠበቀ፤ ቺንጋው ዞረ፤ ወፍጮው ፈጨ። እስኪፈጭ ድረስ አሰገደች ምን እንዳሰበች አልነግራችሁም። ዱቄቱ ሩቡን አስገኘ። ሩቡ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ከወርቅያንሻል ቋጠሮ ከበደ፤ ገዢዎቹ አዩአት፣ እሷም በርበሬዋን አየች። ሩቡ ቁልፉን አስለቀቀ፤ ቁልፉ ብሎኑን ፈታ፤ ማጣሪያው ጸዳ፤ ነዳጁ ወረደ፤ መኪናው ተነሣ። ውሃው በሩን እየላሰው ተሻገሩ።

ይመኙሻል ከኋላ ታቃስታለች፤ አሰገደች እጇን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ድንገት ሞተሩ ጠፋ።

«ደግሞ ምን እንቢ አለ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምንም፣ እትዬ» አለ ሽባባው። «ደርሰናል። ይውረዱ።»

ይመኙሻል ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ሄዶ ይለካ።