ውዳሴ ፈቃድ ስትጠይቅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አታሰናዱ፤ በዚህኛው ላም የለችም። ያለው መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ፣ ሕንፃው ላይ የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚሸጥ አንድ ድርጅት፣ ድርጅቱ ውስጥ ደግሞ ውዳሴ የምትባል ኢንጂነር ነው። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። አገሩን ሁሉ ታሳፍራለች፤ እሷ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ የለም!

ውዳሴ አንዲት ነገር ፈለገች፤ አንዲት ብቻ። ደሴ ያሉት አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሐሙስ ሊገፈፍላቸው ተቀጥረዋል። «አንቺ ሳትመጪ ዓይኔን ለማንም አልሰጥም» አሏት በስልክ። ሐኪሞቹ ደግሞ ለዘመቻ የመጡ ናቸው፤ ሐሙስ ካለፈ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ እንጃ። ስለዚህ የፈቃድ ፊርማ ፈለገች።

ወደ ቡድን መሪዋ ወደ በእምነት ሄደች። «በሜ፣ ፈርምልኝ። ካልፈረምክ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አባዬ አይታከምም።»

በእምነት ክፉ ልጅ አይደለም፤ ልቡ ቅቤ ነው። አናቱን አከከና፣ «ወዱዬ፣ የትኬት ፕሮግራሙ ማሻሻያ ሳይለቀቅ ሰው እንዳላስወጣ ታዝዣለሁ። ሶስና ፈትሻ ትጨርስና ሁለት ጊዜ እፈርምልሻለሁ» አላት።

ወደ ሶስና ሄደች። ሶስና የተጻፈውን ሁሉ የምትፈትሽ፣ ስህተት ስታገኝ እልል የምትል ናት። «ሶስዬ፣ ፈትሺልኝ። ካልፈተሽሽ በእምነት አይፈርምም፣ ካልፈረመ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አባዬ አይታከምም።»

«ምኑ ላይ ልፈትሽ? ሰርቨሩ እኮ ተዘግቷል! ሙክታርን አስከፍቺው፤ ምሳዬንም ትቼ እፈትሻለሁ።»

ወደ ሙክታር ወረደች። ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል ብርድ ነው፤ ሙክታር እዚያ ጋቢ ለብሶ ይውላል። «ሙክታርዬ፣ ክፈትልኝ። ካልከፈትክ ሶስና አትፈትሽም፣ ካልፈተሸች በእምነት አይፈርምም፣ ካልፈረመ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አባዬ አይታከምም።»

«ወላሂ ደስ ይለኝ ነበር! ግን ጠዋት ምክትሉ ክፈት ይሉኛል፣ ከሰዓት ዋናዋ ዝጋ ይሉኛል። ደከመኝ እህቴ! ሁለቱ ይታረቁና በአንድ አፍ ይዘዙኝ።»

ወይ ጣጣ! ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል ማለት ይኸው ነው። ዋና ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ እቴነሽና ምክትላቸው አቶ ፋንታሁን ድርጅቱን በአንድ ጠረጴዛ የጀመሩ ወዳጆች ነበሩ። አሁን ግን ቢሯቸው ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ በጸሐፊ ነው የሚነጋገሩት። ምን እንዳጣላቸው የሚያውቅ የለም።

ወደ አቶ ፋንታሁን ወጣች። «በፈጠረዎት ይታረቁ! ካልታረቃችሁ ሙክታር አይከፍትም፣ ካልከፈተ ሶስና አትፈትሽም፣ ካልፈተሸች በእምነት አይፈርምም፣ ካልፈረመ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አባዬ አይታከምም።»

«እኔ ምን በደልኳት?» አሉ አቶ ፋንታሁን። «እናቷ ጎንደር ያረፉ ጊዜ ለሥራ ጅማ ነበርኩ። ለቅሶ ልደርስ ብደውል ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስትመለስ በሯ ድረስ ብሄድ ፊቷን አዞረች። እሷ ታናግረኝ እንጂ እኔማ ዝግጁ ነኝ።»

ወደ ወይዘሮ እቴነሽ ገባች። ትንፋሿን ሳበችና አወረደችው። «እባክዎ ያናግሯቸው! ካላናገሯቸው አትታረቁም፣ ካልታረቃችሁ ሙክታር አይከፍትም፣ ካልከፈተ ሶስና አትፈትሽም፣ ካልፈተሸች በእምነት አይፈርምም፣ ካልፈረመ አልሄድም፣ ካልሄድኩ አባዬ አይታከምም!»

ወይዘሮ እቴነሽ ስልካቸውን አውጥተው ዘረጉላት። «እናቴን በቀበርኩ ቀን የላከልኝን አንብቢው!»

መልእክቱ እንዲህ ይላል፤ «ፈቃድ በመውጣትዎ ደስ ብሎናል! ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይዝናኑ! ፋንታሁን።»

ውዳሴ ክው አለች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው! ከአለቃ ደግ ቃል የማይሰማበት ቤት ነውና፣ ቢያንስ ማሽኑ ይናገር ብላ አንድ ፕሮግራም ጽፋ ነበር። ፈቃድ ለወጣ ሁሉ በምክትሉ ስም መልካም ዕረፍት ይመኛል። ወይዘሮ እቴነሽም ለሐዘን ሲሄዱ የሞሉት የፈቃድ ጥያቄ ነው፤ ፕሮግራሙ ምኑን አውቆ!

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ብትናገር ፈቃዱ ቀርቶ ሥራዋም ሊቀር ነው፤ የአባቷም ሐሙስ አብሮ።

«እሳቸው አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ። የጻፍኩት ፕሮግራም ለቅሶና ሽርሽር አይለይም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይብሉ፣ ይጠጡ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ እቴነሽ አፈጠጡባት። ከዚያ ሳቅ አፈናቸው፣ ሳቁም መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። «እማዬ ይህን ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር! በይ፣ ፋንቱን ጥሪልኝ።»

አቶ ፋንታሁን በሩ ላይ ቆመው፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ እቴዬ» አሉ። ይህን ቃል ይዘውት ከርመዋል እኮ፤ የሚቀበላቸው አጥተው ነው። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ከዚያማ ምን ይቆማል! ታረቁ፣ ሙክታር ከፈተ፣ ሶስና ፈተሸች፣ ማሻሻያው ተለቀቀ፣ በእምነት ፈረመ፣ ውዳሴ ሄደች፣ አባቷ ታከሙ።

ፋሻው ሲፈታ ዘመድ አዝማዱ ምርቃት ጠበቀ። አባቷ ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ትክ ብለው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣» አሉ፣ «እንዲህ ከስተሽ ነው በስልክ ደህና ነኝ የምትይኝ?»

ውዳሴ ጉያቸው ገብታ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውንም አምጡ፣ የማንንም ፊርማ አልጠይቃችሁም።